በእድር ድንኳን የቀረበ የትምህርት ቤት ታሪክ

ዝም የሚል ሰው አዋቂ ይመስላል። ይህ የአገራችን ትልቅ ስህተት ነው፤ እኔ ደግሞ ከስህተቱ ተጠቃሚዎች አንዷ ነኝ። ግማሹን ጊዜ ዝም የምለው የምናገረው ስለሌለኝ ነው። ቀሪውን ግማሽ ዝም የምለው የምናገረውን ገና እያጣራሁ ስለሆነ ነው፤ አጣርቼ ስጨርስ ሰዉ ወደ ሌላ ወሬ አልፏል። በዚህ ዓይነት በሚዛን አማን ከተማ «እሷ እኮ ብዙ ታውቃለች፣ አትናገርም እንጂ» የሚል ስም አትርፌ ስኖር ኖሬ፣ ባለፈው ነሐሴ ተናገሪ ተባልኩ። ተናገርኩ። ከዚያ ወዲህ ከተማው ዝምታዬን ይናፍቃል።

የምሠራው በአንድ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የመጻሕፍት ቤት ኃላፊ እባላለሁ። ከእኔ በታች ማንም ስለሌለ ኃላፊነቴ በመደርደሪያዎቹ ላይ ብቻ ነው። ክረምት ክረምት ተማሪ ሲበተን ደግሞ የምዝገባውን መዝገብ እይዛለሁ፤ እጅ ጽሑፌ ይነበባል፣ ስርዝ ድልዝም አልወድም።

በነሐሴ መጀመሪያ ርእሰ መምህሯ ሲስተር አልማዝ ወደ መጻሕፍት ቤቱ መጡ። ሲስተር ወጣት ናቸው፤ ከሆሳዕና በኩል የመጡ፣ ሒሳብ የሚያስተምሩ፣ ሲናደዱ የሚስቁ ሰው። ያን ቀን እየሳቁ ነበር።

«እትዬ፣ ከበላይ ደብዳቤ መጣ። ከሳምንት በኋላ ባለው ዓርብ ሠላሳ አዲስ ተማሪ ካልተመዘገበ ዘጠነኛ ክፍል አይከፈትም።»

መዝገቡን ገለጥኩት። አሥራ አንድ ነበሩ።

ዛፍ ከላይ መድረቅ ይጀምራል ይባላል። ትምህርት ቤት የሚደርቀው ከታች ነው። ዘንድሮ ዘጠነኛ ከሌለ ለከርሞ አሥረኛ የለም፤ እንዲህ እያለ አንድ ቀን የመጨረሻዋ ተማሪ የመጨረሻውን ፈተና ተፈትና ስትወጣ ዘበኛው በሩን ከኋላዋ ይዘጋዋል። እኔስ? እኔ በዚህ ግቢ አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ያን ጊዜ የማታ ክፍል ነበር። የመጀመሪያ ቀን አስተማሪው በር ላይ አይቶኝ «የማን እናት ነሽ?» አለኝ። «የራሴ» አልኩት። ጉልበቴ ዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ሁለት ዓመት በጎን ተቀምጬ ተማርኩ፤ እስከ ዛሬ ድረስ ስጽፍ ትከሻዬ ወደ ግራ ያዘነብላል። ዘግይቶ የተማረ ሰው የሚያገኘው ሌላም ሕመም አለ። በልጅነቱ የተማረ ሲሳሳት ይስቃል፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሀሁ ያለ ሲሳሳት ያፍራል። ስለዚህ ያጣራል። አጣርቶም አያርፍም፣ ማጣራቱን ራሱን ያጣራል።

«ቅዳሜ ወላጆችን እንጠራለን» አሉ ሲስተር። «የትምህርት ቤቱን ታሪክ እርስዎ ይነግሩልናል። አሥር ደቂቃ። ጣፋጭ ይሁን።»

«ጣፋጭ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?»

«ሰው ልጁን የሚሰጠው ደስ ለሚል ነገር ነው ማለቴ ነው።»

«የተጣራ ይሁን?»

«ይጣራ። ግን አይብዛ።»

ይህቺ «አይብዛ» የምትል ቃል እስከ ጆሮዬ ደጃፍ መጥታ ተመለሰች።

ሥራ ጀመርኩ። በመጀመሪያ የቢሮውን የድሮ ሣጥን አስከፈትኩ። በእኛ አገር ወረቀት እንደ እንጀራ ነው፤ ቶሎ ካልተጠቀሙበት ይሻግታል። ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ስለሚጎበኘን መጽሐፎቼን በየሳምንቱ ፀሐይ ስትወጣ እንደ በርበሬ አሰጣቸዋለሁ። ሣጥኑን ግን ያሰጣው ሰው አልነበረም። ስከፍተው ምስጥ ከእኔ በፊት አንብቦታል፤ ያውም ከዳር እስከ ዳር። የተረፈው አንድ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ፎቶግራፍ ነበር፣ እሱም ከወገብ በታች። ሃያ አራት እግር ቆጠርኩ። ጫማ ያደረጉት ስድስቱ ናቸው። ይህን በማስታወሻዬ ጻፍኩ፤ የተጣራ ነገር ነውና።

ቀጥሎ ሽማግሌዎችን ጠየቅሁ። አንደኛው መሥራቹ አባ ሩፋኤል ከማጂ በኩል በበቅሎ መጡ አሉኝ። ሁለተኛው በእግራቸው ነው የመጡት አሉ። ሦስተኛው በአውሮፕላን ብለው ማሉልኝ። ሦስቱም በዓይናችን አይተናል ይላሉ። ሦስተኛው ያን ጊዜ ገና እንዳልተወለዱ አስልቼ ስነግራቸው ተቀየሙኝ፤ እስከ ዛሬ ሰላምታዬን በግማሽ ይቀበላሉ።

በግቢው ውስጥ ምስጥ የማይበላው፣ ዝናብ የማያሻግተው፣ ቀን የተጻፈበት ነገር አንድ ብቻ ቀረ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው የመቃብር ድንጋይ። ሦስት ቀን በጃንጥላ ሥር ቆሜ የድንጋይ ሽበቱን በእርሳስ ጫፍ እየፋቅሁ ገለበጥኩ። ማን መጣ፣ ምን ሠራ፣ መቼና በምን አረፈ፣ ሁሉም በድንጋይ ላይ ተቀርጿል። ታሪኩ አማረልኝ። አንድ እንከን ብቻ ነበረው፤ በውስጡ በሕይወት ያለ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ እንከን አልመሰለኝም። ሙታን አይከራከሩም፣ በአውሮፕላን መጣሁም አይሉም።

አሁን የቀረው ቦታ ነው። አዳራሻችን የቆርቆሮ ነው፤ የነሐሴ ዝናብ ሲወርድበት እንኳን የእኔ ድምፅ የቤተ ክርስቲያኑም ደወል አይሰማም። ሲስተር ድንኳን ፈልጉ አሉ። በከተማው አንድ መቶ ሰው የሚይዝ ድንኳን ያለው እድር ብቻ ነው፤ ትምህርት ቤቱም የእድሩ አባል ነው። ሐሙስ ዕለት ወደ እድሩ ጸሐፊ ወደ አቶ ሄራሞ ሄድኩ። አቶ ሄራሞ ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«ማን ሞተ?» አሉኝ ገና ከሩቅ።

«ማንም አልሞተም፣ አቶ ሄራሞ። ድንኳን ፈልጌ ነው።»

«ሰው ሳይሞት ድንኳን አይወጣም። ደንብ ነው።»

ደንብ አከብራለሁ። ዞሬ ልሄድ ነበር፤ የሲስተር ሳቅ ትዝ ብሎኝ ቆምኩ። «የሚፈልገው ትምህርት ቤቱ ነው» አልኩ።

«ትምህርት ቤቱ ደግሞ ምን ሆነ?»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን «ምንም» ብሎ ባለፈ። እኔ «ያለበት ሁኔታ ጥሩ አይደለም» አልኩ። «እስከሚመጣው ዓርብ ነው የተሰጠው። በደብዳቤ ተነግሮናል።»

አቶ ሄራሞ ቆባቸውን አወለቁ። ሁለት ልጆቻቸውን እዚያ አስተምረዋል። መዝገባቸውን ሳቡ። «በይ እሺ። ግን 'የሟች ስም' የሚለው ቦታ ባዶ ከሆነ ዕቃ ቤቱ አይከፈትም። ምን ልጻፍ?»

«ባዶ ይሁን እንጂ።»

«ባዶ አይሆንም። ትምህርት ቤቱ ብዬ ጻፍኩ።»

«ገና እኮ ነው፣ አቶ ሄራሞ! ያልሆነ ነገር አይጻፍም።»

«አቤት አንቺ ሴትዮ!» አሉና በቅንፍ «ገና» ብለው ጨመሩልኝ። መዝገቡ ትክክል ስለሆነ ተደስቼ ወጣሁ። ያላሰብኩት የእድሩ ጥሩምባ ነፊ መዝገብ አይቶ እንደሚነፋ፣ ቅንፍ ደግሞ እንደማያነብ ነው። ቅዳሜ ሲነጋ በየሰፈሩ ዞሮ «በካቶሊክ ትምህርት ቤት ለቅሶ አለ! ያልወጣ ይቀጣል!» ሲል እኔ ዝናብ ውስጥ አግዳሚ ወንበር እያስተካከልኩ ነበር። አልሰማሁም።

ወላጆች በሦስት ሰዓት መጡ። አሥራ አራት ቤተሰብ፣ ልጆቻቸውን አስከትለው። ከፊት አቶ ታምሩ የሚባሉ ከቴፒ የመጡ ቡና አብቃይ ከልጃቸው ከምሕረት ጋር ተቀመጡ፤ ከከተማው በአማን ወገን ካሉት እህታቸው ቤት ሊያስቀምጧትና እዚህ ሊያስተምሯት ነው። ከጎናቸው እማማ አስካለ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ የጌጫ ተወላጅ ናቸው፣ ሚዛን ከገቡ ቆይተዋል። አቶ ታምሩ ቀና ብለው ድንኳኑን አዩ።

«ይሄ ድንኳን…» አሉ።

«ንጹሕ ነው» አልኳቸው።

ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። «የትምህርት ቤታችን መሥራች አባ ሩፋኤል፣ በመጡ በሁለተኛው ዓመት በወባ አረፉ።»

«ነፍስ ይማር» አለ ሰዉ። የሟች ስም ተጠርቶ ነፍስ ይማር ሳይሉ ማለፍ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ጥሩ አድማጮች ናቸው ብዬ ቀጠልኩ።

«በእሳቸው እግር የተተኩት የመጀመሪያው መምህር፣ በሳንባ ሕመም አረፉ።»

«ነፍስ ይማር።»

«የአዳራሹን ጣሪያ የመታው አናጢ፣ ከዚያው ጣሪያ ላይ ወድቆ አረፈ።» እዚህ ላይ ለትክክለኛነት ብዬ «ጣሪያው እስከ ዛሬ በዚያው ቦታ ያፈሳል» የሚል ጨመርኩ።

«ነፍስ ይማር» አሉ፤ ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሳቡ።

ሲስተር ከዳር ቆመው ጣታቸውን ያሽከረክራሉ። ያሳጥሩ ማለታቸው ነበር። እኔ ይቀጥሉ ያሉኝ መሰለኝ። ሁለት ሟቾች ካለፉ በኋላ ወደ ስድስተኛው ድንጋይ ደረስኩ።

«የትምህርት ቤታችን የመጀመሪያዋ ሴት ተማሪ ብርቄ ትባላለች። ከጌጫ በእግሯ መጣች። በገባች በስምንተኛ ወሯ ለፋሲካ ወደ ቤቷ ስትመለስ ወንዝ ወሰዳት።»

ነፍስ ይማር የሚል ድምፅ አልመጣም። እማማ አስካለ ቆመው ነበር።

«እህቴን» አሉ። «ታላቄን። አባቴ ሬሳዋን ለእናቴ እንኳ ሳያሳይ ነው እዚህ ያስቀበራት። በቤታችን ስሟ አይጠራም ነበር፤ እናቴ እንዳትሰማ። እናቴም ሞተች፣ እኛም አረጀን። ማን ነው ዛሬ ስሟን የጠራው?»

የጠራሁት እኔ ነበርኩ። ወረቀቱ በእጄ አለ። አጠፍኩት። ድንጋዩን በእርሳስ ስፍቅ ፊደሉ በትክክል መገልበጡን እንጂ ፊደሉ የማን እህት እንደሆነ አላሰብኩም። እማማ አስካለ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱና ደረታቸውን እየመቱ ማልቀስ ጀመሩ። በእኛ አገር አንዲት አሮጊት በእድር ድንኳን ውስጥ ስታለቅስ ዝም ብሎ የሚያይ እናት የለም። ሁሉም ተነሡ።

እንግዲህ የእድሩ ሰው በር ላይ የደረሰው በዚህ ሰዓት ነው።

በጥሩምባው ተጠርተዋል፣ የገዛ ድንኳናቸው ተተክሏል፣ ከውስጥ ለቅሶ ይሰማል። ሌላ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ? ወንዶቹ ከበሩ ጀምሮ «ወንድሜ! ወንድሜ!» እያሉ ገቡ። ሴቶቹ ንፍሮ በሰፌድ ተሸክመዋል። አቶ ሄራሞ የቀሪ መቆጣጠሪያቸውን አውጥተው ስም መጥራት ጀመሩ። የእኛ ሰው ለቅሶ ሲደርስ አስቀድሞ ያለቅሳል፣ ሟቹን የሚጠይቀው እንባውን ጠርጎ ሲቀመጥ ነው። እናም አንድ ሰባ ሰው ያህል እያለቀሰ ተቀመጠና «ማን ነው ግን?» ይባባል ጀመር። «ሲስተር ናቸው» አለ አንዱ። ሲስተር ፊት ለፊቱ ቆመዋል። «አይደሉም» አለ ሌላው ቅር ብሎት።

አቶ ታምሩ የልጃቸውን እጅ ይዘው ተነሡ።

«እትዬ» አሉኝ፣ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም፤ «እኔ የመጣሁት ለትምህርት ነው። ገና አሥር ደቂቃ ሳልቀመጥ ስድስት ሰው ቀበርን። ልጄን ሰባተኛ አላደርግም።»

ምሕረት ወደ ኋላ እየዞረች አየችኝ። እየጎተቱ ወሰዷት። አሥራ ሁለት ቤተሰብ ተከተሏቸው፤ እማማ አስካለ ብቻ ቀሩ፣ እሳቸውም ለትምህርት አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ቀድሞ ከተመዘገቡት አሥራ አንድ ሁለቱ መጥተው ስማቸውን አሰረዙ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መዝገቤ ላይ ስርዝ ገባ።

ሲስተር አጠገቤ መጥተው ቆሙ። አልሳቁም። «ጣፋጭ ይሁን ብዬ ነበር» አሉና ሄዱ።

አለቀ ያላችሁ እድርን አታውቁም። እድር አንዴ ያለቀሰለትን እስከ ሠልስት አይለቅም። እሑድም መጡ። ሲስተር ክፍላቸውን ዘግተው ዋሉ፤ ለቀስተኛ የማስተናገዱ ዕዳ የእኔ ሆነ። ሰው እንዳልሞተ ለእያንዳንዱ ላስረዳ ሞከርኩ። «አይዞሽ፣ መጀመሪያ እንዲህ ያደርጋል፣ ቀስ እያለ ይገባሻል» እያሉ ትከሻዬን ይደባብሱኛል። በመጨረሻ መጠየቅ የደከማቸው ሟቹ ትምህርት ቤቱ ነው በሚለው ተስማሙና፣ እንደ ለቅሶ ቤት ወግ የሟቹን ደግነት ያወሩ ጀመር።

«እኔ በጣቴ መፈረም የተውኩት እዚህ ነው» አለች አንዲት ሙዝ ነጋዴ። «በማታው ክፍል። ባሌ እስከ ዛሬ በጣቱ ነው።»

«እኔን የሒሳብ መምህሩ በዚያች በቀርከሃ ዱላው ሲገርፈኝ» አለ አንድ ባለሱቅ፣ «ያኔ ብሞት እመርጥ ነበር። አፈር ይቅለለው፣ ዛሬ ማንም አያታልለኝም።»

«መምህሩ አለ እኮ። ጡረታ ወጥቶ አማን ነው ያለው።»

«ነው እንዴ? ታዲያ አፈሩ ይቆየው።»

እኔ ጥግ ላይ ቆሜ አዳምጣለሁ። ቅዳሜ ልናገረው የሚገባኝ ታሪክ ይህ ነበር። በማግስቱ፣ ልጅ ለማስመዝገብ ላልመጡ ሰዎች፣ ልጅ ለማስመዝገብ ባልመጡ ሰዎች ይነገራል።

ሰኞ፣ በሠልስቱ፣ እማማ አስካለ ጠሩኝ። ዓይናቸው አብጧል።

«እህቴን አለቀስኳት፣ ወጣልኝ» አሉ። «ይሄ ሁሉ ሰው ግን ብርቄን አያውቃት። የማን ለቅሶ ነው የሚያለቅሰው?»

«የትምህርት ቤቱን፣ እማማ። ግን ገና ነው። ዓርብ ሠላሳ ልጅ ካልሞላ ነው።»

«ገና? እና ትንፋሽ አለው?»

«ዘጠኝ ልጅ አለው።»

እማማ አስካለ ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ። «እናንተ ሰዎች!» አሉ። «በቁሙ ላለ ታማሚ ድንኳን ተክላችሁ ንፍሮ ትቆረጥማላችሁ? ነውር አታውቁም? የታመመ ይጠየቃል እንጂ ይለቀስለታል?»

ንፍሮ የጨበጠ ሁሉ ወደ ሰፌዱ መለሰ። አቶ ሄራሞ መዝገባቸውን ገልጠው «እውነት ነው፣ 'ገና' የሚል አለበት» አሉ።

«አንተ ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ቅንፍ ውስጥ ነው፣ እማማ።»

«ቅንፍህን ይዘህ ግባ! ደግሞ የታመመ ሲጠየቅ ባዶ እጅ አይኬድም። ሰምታችኋል?»

ማክሰኞ ጥየቃ ተጀመረ። ግማሹ ሰው ነገሩን እንደ ቃሉ ወስዶት ነበር። ሙዝ በእንቅብ፣ አናናስ፣ አንድ ማሰሮ ማር፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ፤ የመመዝገቢያ ጠረጴዛዬ ገበያ መሰለ። ግማሹ ግን የእማማ አስካለ ንግግር ገብቶት ልጁን ይዞ መጣ። እማማ ራሳቸው የልጅ ልጃቸውን ይዘው አንደኛ ቆሙ። አቶ ሄራሞ የመጨረሻ ልጃቸውን ከሌላ ትምህርት ቤት አስወጥተው አመጡ። አንድ አባት ስድስተኛ ክፍል ያላለፈ ልጅ እየጎተተ መጥቶ «ያልፋል፣ ዋስ እሆናለሁ» አለኝ። መለስኩት። አንዷ የሞተ ልጇን የስምንተኛ ክፍል ካርድ ይዛ መጥታ «ስሙ ብቻ ይጻፍልኝ፣ ለቁጥር ይሁናችሁ» አለች። ካርዱን በሁለት እጄ ይዤ አነበብኩት። እሷንም መለስኳት።

ረቡዕ አሥራ ዘጠኝ። ሐሙስ ሃያ አምስት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሃያ ዘጠኝ።

ምዝገባ የሚዘጋው በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። ሩብ ጉዳይ ሲሆን ምሕረት በበሩ ገባች፣ የአቶ ታምሩ ልጅ። ብቻዋን ናት፣ በዝናብ ርሳለች፣ ካርዷን በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች።

«ልመዘገብ ነው» አለች።

ሲስተር፣ አቶ ሄራሞ፣ እማማ አስካለ፣ ዘበኛው፣ ሁሉም ዞረው አዩኝ። ካርዷን ተቀበልኩ። ጥሩ ውጤት ነው። ፎቶ አላት። ቅጹን አወጣሁ።

«አባትሽስ?»

«እኔን አክስቴ ዘንድ ትተው ቴፒ ተመልሰዋል፤ እርሻው ላይ ናቸው። አያውቁም።»

ቅጹ ላይ የወላጅ ፊርማ የሚል መስመር አለ። ወደ አቶ ታምሩ ስልክ ተደወለ። መስመር የለም። እርሻው የሚገኝበት ጫካ ውስጥ ስልክ እንደማይሠራ ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን እየተቀባበልን ደወልን። አክስቷ ሲደወልላቸው «ወንድሜ እንቢ ብሎ ሄዷል፣ እኔ እጄን አላስገባም» ብለዋል። አሥር ጉዳይ ሆነ።

«እኔ እፈርማለሁ» አሉ አቶ ሄራሞ። «ድንኳን አበደርኩ፣ ፊርማ ምን አላት?»

«እርስዎ አባቷ አይደሉም።»

«እትዬ» አሉ ሲስተር ቀስ ብለው። «ይጻፏት። ሰኞ ይፈርማሉ።»

«ሰኞ ከፈረሙ ሰኞ እጽፋታለሁ።»

«መዝገቡ የእርስዎ ነው» አሉ ሲስተር። ብዕሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ሲስተር መዋሸት አይችሉም፤ እንድዋሽላቸው ነበር የፈለጉት። ሁለታችንም በካቶሊክ ትምህርት ቤት የተማርን ሰዎች ነን፤ ያ ነው የገደለን።

አባትየው በግልጽ አላስመዘግብም ብለው የሄዱ ሰው ናቸው። ያለ ፈቃዳቸው ልጃቸውን ብጽፍ ምን እባላለሁ? ባልጽፍስ? ይህን ጥያቄ አሥር ደቂቃ አጣራሁት። አጣርቼ ስጨርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። ሪፖርቱን ሃያ ዘጠኝ ብዬ ሞላሁ። ምሕረት ካርዷን በፌስታሉ መልሳ ጠቀለለች። እማማ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፤ ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አቶ ታምሩ መጡ። ስልካቸው ከጫካ ሲወጡ ሃያ ጥሪ አሳያቸው፤ ልጄ ሞተች ብለው ነው እየበረሩ የመጡት። ደህና መሆኗን ሲያዩ እዚያው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። «ይሄን ያህል ከፈለገችው ትማር» አሉና ፈረሙ። ጻፍኳት። ሠላሳ።

ረቡዕ ደብዳቤው መጣ። በተወሰነው ቀን የተመዘገቡት ሃያ ዘጠኝ በመሆናቸው ዘጠነኛ ክፍል አይከፈትም፤ ተማሪዎቹ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ይዛወሩ። ሲስተር በስልክ ለመኑ፣ በአካልም ሄደው ለመኑ። መልሱ ጥሩ መልስ ነበር። ገደብ ገደብ ነው አሏቸው። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ለሠላሳ ቤት መርዶ መንገር የእኔ ሆነ። መርዶ ማለዳ ነው የሚነገረው፤ አቶ ሄራሞና እማማ አስካለ አብረውኝ ዞሩ። እንደዚያ ሆነን ሦስታችን ስንቆም ገና ሳንናገር በር የሚከፍተው ሁሉ ይገባዋል። የአንዷ ልጅ ዩኒፎርም ተሰፍቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እናቷ አውርዳ አጠፈችው። «ለታናሿ ይሆናል» አለችና ወዲያው ታናሿም የምትገባበት እንደማይኖር ትዝ አላት መሰለኝ፣ መልሳ ሰቀለችው።

የመጨረሻው ቤት አማን፣ የምሕረት አክስት ቤት ነበር። ምሕረት ራሷ ከፈተች። ደብዳቤውን አሳየኋት፤ ቁጭ ብላ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

«ስለ ዘጠነኛ ክፍል ነው የሚለው» አለች።

«አዎ።»

«ስለ መጻሕፍት ቤቱ ምንም አይልም።»

ከእጇ ወስጄ እንደገና አነበብኩ። ቆሜ፣ ሁለት ጊዜ። አይልም።

አሁን ልጆቹ በጠዋቱ ፈረቃ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሆነው እንደሚቀመጡ አልነግራችሁም፣ ገና አላጣራሁትም። ከሰዓት በኋላ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። አሥራ ስምንት ወንበር አለኝ፤ አሥራ ሁለቱ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ሲስተር በዘጠኝ ሰዓት መጽሐፍ ሊዋሱ ይገባሉ። መጽሐፉን ሳይወስዱ የቁምሣጥኑ በር ላይ በጠመኔ አልጄብራ ይጽፋሉ። በመጻሕፍት ቤት ጮክ ብሎ መናገር ክልክል ስለሆነ የሚያስተምሩት በሹክሹክታ ነው። እኔን አያናግሩኝም። ጠመኔ ሲያልቅባቸው እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ እሰጣቸዋለሁ።

ሲወጡ የዕለቱን የአንባቢዎች መዝገብ እሞላለሁ። ዛሬ ቆጠርኩ፤ ከመሬትም ከወንበርም። ደግሜ ቆጠርኩ። ሠላሳ ብዬ ጻፍኩና ብዕሩን ይዤ ትንሽ ጠበቅሁ። ሠላሳ ሞላ ወይ ብሎ ይህን መዝገብ የሚጠይቀኝ የለም።